ወንድሜን ላመጣ ናይሮቢ

ከናይሮቢ ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ግን የመምህራን ክፍል በገባሁ ቁጥር አንዱ ወንበሩን ወደ እኔ ይስብና «እስቲ ያንን መንገድ ደግሞ ንገሪን» ይለኛል። በየዕረፍቱ ቁርጥራጩን ከማወራ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። የማስተምረው ዲላ ነው፤ ጂኦግራፊ። ኬንያን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኳት እኔም አላስታውስም፤ የቱርካናን ሐይቅ በሰማያዊ ጠመኔ፣ የኬንያን ተራራ በቡናማ። እግሬ ግን ከያቤሎ አልፎ አያውቅም ነበር።

የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ናይሮቢ ውስጥ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ከባለቤቱ ከሰናይት ጋር ምግብ ቤት አለው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ወንበር ሲደረድር ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ ተያዘ፤ አንደበቱም አብሮ ተያዘ። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩም ቀስ በቀስ መላወስ ጀመረ፤ ቃል ግን አልመጣም። እናቴ ስልክ ስትደውልለት የሚመልስላት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«ግርማዬ፣ በላህ?»

«እሺ።»

«ያምሃል እንዴ?»

«እሺ።»

እናቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ደግማ አልደወለችም። ክረምት ሆኖ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠራችኝና «ሂጂ አምጪልኝ። እዚህ ጸበል አስጠምቀዋለሁ። አጠገቤ ይሁን፤ ከዚያ እግዚአብሔር የፈቀደውን ያደርጋል» አለችኝ። አመጣዋለሁ አልኳት።

ሰኞ

የፍልሰታ ጾም በገባበት ቀን ከዲላ መናኸሪያ ሲነጋ ተነሳሁ። እናቴ ለሰናይት ሽሮና በርበሬ፣ ለመንገድ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ጸበል አሸክማኛለች። ሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ጀሪካኗ ግን ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

እስከ ሐገረ ማርያም አገሩ የእኛው ነው፤ ቡና፣ እንሰት፣ ጭጋግ። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴው እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ ይሄዳል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ በየግራሩ ሥር ቆሟል። ያቤሎ ላይ አንዲት ደርባባ ሴት ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። ዘይነባ እባላለሁ አለችኝ። ሞያሌ ተወልዳ ያደገች፣ ናይሮቢ ኢስሊ ከሚባለው የገበያ ሰፈር ልብስ እያመጣች የምትነግድ ናት። ወዴት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ሜጋ ሳንደርስ አውጣጥታ ጨረሰች።

«ዛሬ ሞያሌ ማን ዘንድ ታድሪያለሽ?»

«አልጋ እይዛለሁ።»

«በሽተኛ ልትጠይቂ የምትሄጂ ሰው አልጋ ትይዢያለሽ? እኔ ቤት እያለልሽ?»

በእርግጥም ቤቷ አደርኩ። ልጆቿ የፍየል ሥጋና ሩዝ አቀረቡ። እኔ ምን ብዬ እምቢ እንደምል ሳስብ ዘይነባ ሳህኑን ከፊቴ አነሳችው። «ጾም ላይ ናት። ጎረቤቶቻችን እኮ የእናንተው ናቸው፤ ፍልሰታን እናውቃለን» አለችና ራሷ ተነስታ ቦሎቄ በዘይት ሠራችልኝ። ዲላ እንግዳ ሲመጣ ብሉልኝ ጠጡልኝ እያልን እናስጨንቃለን፤ እዚህ ደግሞ እንዳልበላ የሚጠነቀቅልኝ ሰው አገኘሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ድንበሩን በእግር ተሻገርን። በእኛ በኩል መኪና በቀኝ ይሄዳል፣ በእነሱ በኩል በግራ። መሃል ላይ ሾፌሮቹ እንዴት እንደሚስማሙ ቆሜ ላይ ስል ዘይነባ በክንዴ ይዛ ጎተተችኝ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም የሚመታው ወጣት ለምን እንደምሄድ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ወንድሜ ታሞ ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ፖሌ ሳና» አለ።

«ምን ማለቱ ነው?» አልኳት ዘይነባን።

«አይዞሽ ነው። ብትወድቂም ይሉሻል፣ ብትታመሚም ይሉሻል፣ ሰው ቢሞትብሽም ይሉሻል።»

ከዚያ በኋላ ይህችን ቃል ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው።

በዚያ መንገድ የሚኬደው በጭነት መኪና ነው። መኪናችን ቦሎቄ ጭኗል፤ ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው ተጭኗል። ዘይነባ ሾፌሩን ስለምታውቀው ሁለታችን ጋቢና ገባን። መንገዱ ተብሎ የሚጠራው ነገር ድንጋይ ነው። ጥርሴን ነክሼ፣ ጀሪካኗን በሁለት እጄ ይዤ ስንገጫገጭ ቆየንና፣ ዛፍ የሚባል ነገር የሌለበት፣ እስከ አድማስ ድረስ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ውስጥ ገባን።

«ይኼ ቦታ ምን ይባላል?»

«ዲዳ ገልገሎ» አለ ሾፌሩ።

አንደበቱን ወዳጣው ወንድሜ እየሄድኩ ዲዳ የሚባል አገር መሃል መድረሴ እንደ ክፉ ምልክት ሆኖ ታየኝ። ዘይነባ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ኧረ መምህርት፣ በቦረንኛ ዲዳ ማለት ሜዳ ነው። ሜዳ ብቻ!» ብላ ሳቀች። እኔም እያፈርኩ ሳቅኩ።

ብዙም ሳንሄድ የመኪናው ራዲያተር ፈላ። ሾፌሩ የያዘው የውሃ በርሜል በመንገዱ መንገጫገጭ ተሰንጥቆ ባዶውን ቀርቷል። ከላይ የተቀመጡት ሰዎች ወርደው በመኪናው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ሾፌሩ ዞር ዞር ብሎ አየና ዓይኑ ጀሪካኗ ላይ አረፈ። እጁን ዘረጋ። እኔ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ሰው በፀሐይ እየነደደ ውሃ መከልከል ምን ዓይነት ክርስትና ነው የሚለው ሐሳብ መጣብኝ፤ እናቴም መጣችብኝ። ዘይነባ በቦረንኛ አንድ ነገር አለችው። ሾፌሩ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ጀሪካኗን በቀስታ ተቀብሎኝ ከወንበሩ ሥር፣ ፀሐይ የማያገኛት ቦታ፣ በራሱ ኩታ ጠቅልሎ አስቀመጣት።

«ምን ብለሽው ነው?»

«የበሽተኛ ነው አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?»

ከሞያሌ የሚመጣ ሌላ ጭነት መኪና ደርሶ ውሃ እስኪያካፍለን ጠበቅን። እስከዚያው ዘይነባ ነጠላዋን ዘርግታ ዳቦ ቆሎዬን ከእሷ ቴምር ጋር ለሁሉም አደለች። ማርሳቢት የደረስነው ሊጨልም ሲል ነው። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መሃል ተራራ ብቅ ይላል፤ ተራራው ላይ ደን፣ ደኑ ላይ ጭጋግ። ዲላ የተመለስኩ መሰለኝ። አልጋ ቤታችን ብርድ ልብሱ ወፍራም፣ በሩ የማይዘጋ ነበር፤ ዘይነባ ሻንጣዋን በሩ ላይ ደግፋ ተኛን።

ረቡዕ

ከማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ። መንገዱ ያው ነው፤ ጀርባዬ ግን ያው አይደለም። ምሳ ላይ ኡጋሊ ቀረበልኝ። ገንፎ ነው፤ መሃሉ ያልተጎደጎደ፣ ቅቤና በርበሬ ያላየ ገንፎ። ከጎኑ ሱኩማ የሚሉት የተከተፈ ጎመን አለ። ጾም ስለሆነ ከቅቤው ጋር ጉዳይ አልነበረኝም፤ በርበሬው ግን ናፈቀኝ። ለሰናይት የያዝኩትን በርበሬ ልፈታው አስቤ ተውኩት።

ኢሲዮሎ መግቢያ ላይ ፖሊሶች አስቆሙን። አንዱ ጀሪካኗን አንስቶ ክዳኗን ከፍቶ አሸተተ። አረቄ ጠርጥሮ ነው። ዘይነባ «ማጂ ያ ሙንጉ» አለችው፤ የእግዜር ውሃ ማለቷ ነው። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ወንድሜ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ጸበሉ ነገርኩት። ክዳኑን መልሶ አጥብቆ ዘጋና «ፖሌ ሳና፣ ማማ። የእኔም እናት ብትሆን ይህንኑ ትልክልኝ ነበር» አለኝ።

ሐሙስ

የኢሲዮሎ አውቶቡስ የሚነሳው «ሳ ሞጃ» ነው አሉን፤ አንድ ሰዓት። እነሱም እንደ እኛ የጠዋቱን አንድ ሰዓት አንድ ነው የሚሉት፤ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ብቻ ሰባት ይሆናል። በሰው አገር ሰዓቴን ሳላስተካክል መኖሬ ደስ አለኝ።

ለዘይነባ ከመነሳታችን በፊት አንድ አደራ ሰጥቻት ነበር፤ ናንዩኪ የምትባል ከተማ ስንደርስ እንድትነግረኝ። የምድር ወገብ የሚያልፈው እዚያ ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ «ዜሮ ዲግሪ» ስል የኖርኩበትን መስመር በዓይኔ ላይ ተመኝቼ ነበር። አስፋልቱ ግን ለስላሳ ሆነብኝ፤ ከሁለት ቀን ድንጋይ በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ዘይነባም አንኮራፍታለች፤ ናንዩኪ ከኋላችን ቀርታለች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ መስኮቱን ስቃኝ።

«የምድር ወገብ አለፈኝ።»

«ስትመለሺ እዚያው ታገኚዋለሽ፤ የት ይሄዳል?»

ናይሮቢ ቀትር ላይ ገባን። ሙቀት ጠብቄ ነበር፤ የጠበቀኝ ግን የዲላ ክረምት ዓይነት ግራጫ ሰማይና ብርድ ነው። ዘይነባ ኢስሊ ስትወርድ አድራሻችንን ተቀብላ፣ እኔን ማታቱ በሚሉት ታክሲ አሳፍራ፣ ረዳቱን የት እንደሚያወርደኝ ደጋግማ አስጠነቀቀችው። ረዳቱ እንደ እኛዎቹ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፤ ሙዚቃው ግን ወንበሩን ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። ሁርሊንግሃም ሲደርስ ራሱ ወርዶ ሻንጣዬን እስከ ምግብ ቤቱ በር ተሸከመልኝ።

ሰናይት ሽርጧን ሳትፈታ ወጥታ አቀፈችኝ። ከስታለች። «እትዬ ብዙነሽ፣ በዚያ መንገድ!» ብላ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ግርማ ከምግብ ቤቱ ኋላ ባለችው ክፍል፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። በፊት ደንበኛ ሲገባ ከወንበሩ ዘሎ በስሙ እየጠራ የሚቀበለው እሱ ነበር፤ አሁን ከክፍሏ አልወጣም ይላል። ሲያየኝ ፊቱ ግማሹ ሳቀ። አቀፍኩት። በግራ እጁ ጀርባዬን ይዞኝ ቆየ።

«ግርማ፣ እኔ ነኝ። አወቅከኝ?»

«እሺ» አለኝ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነው። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

ዓርብ

የመጣሁበትን ጉዳይ ለሰናይት ጠዋት ሽንኩርት ስትከትፍ ነገርኳት። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«እማማ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል እየወሰድኩ ነው። እግሩን ያንቀሳቀሰው እዚያ ያለው ልምምድ ነው። ዲላ ማን ያሠራዋል?»

«ጸበሉስ?»

«ጸበሉን አመጣሽልኝ አይደል? በየጠዋቱ እናሻሸዋለን። እትዬ፣ እኔ ባሌን ሆስፒታል የማመላልሰው እምነት አጥቼ አይደለም። ከቤት ስንወጣ የምጸልየው ማታቱው እንዳይዘገይብን ነው፤ ስንደርስ ደግሞ ሐኪሟን እጇን ባርክልኝ እላለሁ። ሌላ ምን ዓይነት ጸሎት እንደሚባል አላውቅም።»

እኔ ግን ቃል ገብቼ ነው የወጣሁት፤ ስለዚህ ወደ ግርማ ገባሁ። አብረን ዲላ እንሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እሺ» አለኝ።

ወጥቼ ለሰናይት «እሱ ራሱ ተስማምቷል» አልኳት። አሁን ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጄን ይዛ ወደ ክፍሉ መለሰችኝና ፊቱ ቆመች። «ግርሜ፣ እዚሁ ከእኛ ጋር ትቆያለህ?»

«እሺ።»

ሦስታችንም ተያየን። ግርማ ዓይኑን ጨፈነ። የምንጠይቀውን አንድ በአንድ እንደሚሰማ፣ እንደሚገባው፣ መልሱም ሆዱ ውስጥ እንዳለ ያኔ ነው የታየኝ።

ቅዳሜ

ዘይነባ ከኢስሊ ብርቱካንና ሙዝ ይዛ በሽተኛ ልትጠይቅ መጣች። ግርማ ፊት ተቀምጣ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። አላህ ያሽርህ ስትለው «እሺ» አለ፤ ልጅህን ዳር አድርስ ስትለው «እሺ» አለ።

«ይኼ ሰው ከእኔ ይሻላል» አለች ወደ እኛ ዞራ። «እኔ አላህ ሲያዘኝ ስንቴ ነው የማንገራግረው።»

ግርማ ሳቀ። ሰናይት ከወደቀ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው አለችኝ።

ልጃቸው ሊዲያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ናይሮቢ ተወልዳ አማርኛዋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር ተሰፍቷል። ማታ ልብሴን ስታጣጥፍልኝ «አንቲ፣ ዳዲ ለምን ቸርች እንደማይሄድ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሰው ሲያየው ሼም ይይዘዋል። ሰላም ሲሉት እሺ ስለሚል።»

እሑድ

ግርማ ልጅ ሆኖ ዲቁና ተቀብሎ ዲላ ሲቀድስ ያደገ ነው። ናይሮቢም ምግብ ቤቱን እሑድ እሑድ ዘግቶ ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ከታመመ ወዲህ ግን ደጃፉን አልረገጠም። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያንን ሁሉ ድንጋይ በሰላም ያሻገረኝን አምላክ ላመሰግን እሄዳለሁ። ብቻዬን መንገዱን አላውቀውም፤ አንተ ውሰደኝ።»

«እሺ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከአልጋው ጫፍ አልተነሳሁም። መጨረሻ ላይ በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ገለጠ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቅዳሴው ገብቷል። ከኋላ፣ ከወንዶቹ በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ሊዲያ እንዳይወድቅ አጠገቡ ቆመች። እኔና ሰናይት ከሴቶቹ በኩል ሆንን። ካህኑ ዜማውን ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እናቴ ያለችኝን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ሊዲያ በሰው መሃል ሾልካ መጥታ የእናቷን ነጠላ ጎተተች።

«ማሚ፣ ዳዲ እየዘመረ ነው።»

ዞርን። ግርማ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሕዝቡ የሚመልሰውን ከሕዝቡ ጋር ይቀበላል። ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ መስሎኝ ተጠጋሁ። ቃሉ ነው፤ ግዕዙ ሳይሰበር፣ ፊደሉ ሳይጎድል፣ ከዜማው ጋር ከአፉ ይወጣል። እሱ ራሱ አላወቀም። ቀና ሲል ሦስታችን ቆመን ስናየው አገኘን፤ ደንግጦ አቆመ። ካህኑ ቀጠለ፤ የሕዝቡ ተራ ደረሰ፤ ግርማ አፉን ከፈተ፣ ቃሉም ወጣ። ሰናይት መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተነሳችም።

ግቢው ውስጥ ከብበነው፣ «ዘመርክ እኮ! ግርማ፣ ዘመርክ!» አልኩት።

አፉን ከፈተ። ታገለ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

«እሺ» አለ። ከዚያ በግራ እጁ ጭኑን ደጋግሞ መታ፤ ከንዴት ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላውቅም ነበር።

ሰኞ

ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ፤ ሊዲያም አልቀረችም። ንግግር የምታለማምደው ዋንጂሩ የምትባል፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። እስካሁን ሥዕል እያሳየች ስሙን እንዲጠራ ስታደርግ ነበር የቆየችው። ሰናይት የትናንቱን ስትነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይዘምር እንደነበር ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ማን ጠየቀን?» አለች ሰናይት።

ዋንጂሩ ሳቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ንግግርና ዜማ በጭንቅላት ውስጥ አንድ ቦታ አይኖሩም። የንግግሩ ሰፈር ቢጎዳም የዜማው ሊተርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉን በዜማው በር በኩል ለማስወጣት ይሞከራል። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ እንደ ድሮው ይናገራል ብላም ቃል አልገባችልንም። ከዚያ የግርማን ግራ እጅ ይዛ ጠረጴዛውን በቀስታ እያስመታች ከፍና ዝቅ በምትል ቀላል ዜማ አንጎራጎረች። እሱም አብሯት አንጎራጎረ። «አሁን በእናንተ ቋንቋ አንድ ቀላል ቃል ስጡኝ» አለች።

«ውሃ» አለች ሊዲያ።

«ው—ሃ» ብላ ዋንጂሩ ዘመረች። ሊዲያ ተቀበለች። ግርማ ጠረጴዛውን መታ፣ መታ፣ መታ።

«ው—ሃ።»

ማንም ውሃ አልሰጠውም፤ ሁላችንም ፈዘን ቀረን። ግርማ ነው ወደ ብርጭቆው በጣቱ ያመለከተው። እውነትም ጠምቶት ነበር።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ

ያንን ሳምንት ቤቱ ሙሉ ዜማ ሆነ። ጠዋት ሰናይት ጸበሉን ፊቱ ላይ ታሻሸዋለች፤ ከዚያ ሊዲያ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። «ዳዲ፣ ሆምወርክ» ትለዋለች። ሻ—ይ። ስ—ጡ—ኝ። በ—ቃኝ። አንዳንዱ ይወጣል፣ አንዳንዱ ግማሹ ይቀራል፣ አንዳንዱ ቀን ጨርሶ እምቢ ይላል፤ ግርማ ተናዶ ጠረጴዛውን ይገፋል፣ ሊዲያ መልሳ ታስጠጋለታለች። አማርኛ የማይሞላላት ልጅ ለአባቷ አማርኛ ስታስተምር ማየት ያስቃል። «ጠረጴዛ»ን «ተረፔዛ» ብላ ስታዘምረው ግርማ ቆም አለ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ራሱ አስተካክሎ ዘመረላት።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሰናይት በዱላው ደግፋ ወደ አዳራሹ አወጣችው። ደንበኞቹ ተነሱ። አንድ የቆየ ኬንያዊ ደንበኛ እጁን ይዞ በስዋሂሊ ረጅም ነገር ነገረው። ግርማ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ካ—ሪ—ቡ» አለው፤ እንኳን ደህና መጣህ። ይህንን ማንም አላስጠናውም፤ ስንት ዓመት በር ላይ ቆሞ ሲለው የኖረ ቃል ነው።

ሐሙስ እራት ላይ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ጥያቄዬን ደገምኩ። መመለሻዬ ደርሷል። እናቴ ትጠብቀኛለች። ሰናይት ሳህኗን እያየች ነበር።

«ግርማ፣ ከእኔ ጋር ዲላ ትሄዳለህ?»

«እሺ» ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው። ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። መታ።

«አል—ሄ—ድም።»

ከዚያ በጣቱ ወደ ሰናይት፣ ወደ ሊዲያ፣ ወደ ምግብ ቤቱ በር አመለከተ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና ትንሽ ታግሎ «እ—ትዬ» አለኝ፤ እንዳልቀየመው ነው። በሕይወቴ እምቢ ተብዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰናይት ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች፤ ቆይታ ስትመለስ ዓይኖቿ ቀልተው በእጇ ማንም ያላዘዘው ሻይ ይዛ ነበር።

መመለሻ

መንገዱ ያው ነው፤ ዘይነባም አብራኝ ነበረች። ናንዩኪ ላይ ነቅቼ ጠበቅኩ። የምድር ወገብ ማለት መንገድ ዳር የቆመ ቢጫ ሰሌዳ ነው። ተማሪዎቼ ቅር እንዳይላቸው እያሰብኩ አለፍኩት።

ዲላ ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይወርድ እንደሆነ ታያለች።

«ብቻሽን መጣሽ?»

«ብቻዬን። አልሄድም አለኝ።»

ፊቷ ጠቆረ። ዞራ ወደ ቤት ልትገባ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አለኝ? አለኝ ነው ያልሽው?»

ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅዳሴውን፣ ዋንጂሩን፣ ካሪቡን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም።

እሑድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። እናቴ ማንሳት ፈራች፤ አንስቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ አጣበቀችው። እኔም ተጠግቼ ሰማሁ። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የተሰማው ጠረጴዛ ሲመታ ነው። ከዚያ ከፍ፣ ዝቅ እያለ መጣ።

«እ—ማ—ዬ። ደ—ህና—ነሽ?»

እናቴ እንደ ባለፈው ስልኩን ሰጥታኝ ወደ ጓዳ የምትሄድ መሰለኝ። እሷ ግን ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ማንም እንዲህ መልሺ ሳይላት፣ በዚያው ዜማ፣ ከፍ ብላ፣ ዝቅ ብላ መለሰችለት።

«ደ—ህና—ነኝ—ል—ጄ።»

እሱ ይልካል፣ እሷ ትቀበላለች። ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ፣ ብርዱ እንዴት ነው፤ ሁሉም በዜማ ሆነ። ደጅ የነበረችው ጎረቤታችን ምን መጣ ብላ በመስኮት አንገቷን አስገብታ ታያለች። ቃል ሲጠፋው እናቴ ትጠብቀዋለች፤ ሳትቸኩል፣ ጣቷን ጉልበቷ ላይ እየመታች።

ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷ አብርቶ ነበር። ሻሿን አስተካከለች።

«ያ መንገድ» አለችኝ፣ «ክረምቱ ሲወጣ ይሻላል?»

ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ፀሐዩ፣ በሩ ስለማይዘጋው አልጋ ቤት ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ይሻላል» አልኳት። «ጋቢናም ይገኛል።»